የማይበራው ኔንቴንዶ፦ በአሮጌ ቪዲዮ ጌም ማጫወቻ ላይ የኃይል ብልሽትን ደረጃ በደረጃ መፈለግ

ለ30 ዓመታት ያህል በቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ የኔንቴንዶ ቪዲዮ ጌም ማጫወቻ አቧራው ተጠርጎ፣ ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ማብሪያው ሲጫን ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይከሰታል። ወይ ጨዋታው እንደ ድሮው ይጀምራል፤ ወይ ቀዩ መብራት ጨርሶ አይበራም፤ ወይ ደግሞ መብራቱ በየሰከንዱ ገደማ ብልጭ ድርግም እያለ የቴሌቪዥኑ መስኮት ባዶ ሆኖ ይቀራል። የኋለኞቹን ሁለት ምልክቶች አብዛኛው ሰው «ኃይል አይደርሰውም» በሚል አንድ ስም ይጠራቸዋል። በምህንድስና ዓይን ሲታዩ ግን የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። የማይበራው መብራት የኃይል ችግርን ያመለክታል። ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ግን በአብዛኛው ኃይሉ በሚገባ እንደደረሰ የሚመሰክር ምልክት ነው።

ይህን ልዩነት አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። ደኅና አዳፕተር ይጣላል፤ ያልተበላሸ ዕቃ ከቦታው ይነቀላል፤ በጥቂት ደቂቃ ጽዳት ሊድን የሚችል መሣሪያ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል። ከዚህ የከፋም አለ። ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ አዳፕተር በአዲስ አበባ ወይም በዱባይ ግድግዳ ላይ ሲሰካ ራሱን ያቃጥላል፤ እሳት የማስነሳት አደጋም ይዞ ይመጣል። ልጅነቱን በዋሽንግተን ወይም በሎስ አንጀለስ ያሳለፈ ሰው የቀድሞ መጫወቻውን ለወንድሙ ልጆች ወደ አገር ቤት ሲልክ ይህን አደጋ ሳያውቀው አብሮ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ኃይል ከግድግዳው ሶኬት ተነሥቶ እስከ ጨዋታው ካሴት ድረስ በምን መንገድ እንደሚጓዝ ማወቅ ለአሮጌ ጌም አፍቃሪዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

መሣሪያው

ኔንቴንዶ በኢንጂነር ማሳዩኪ ኡዌሙራ መሪነት የተነደፈውን ፋሚኮም የተባለ ማጫወቻ በጃፓን ገበያ ላይ ያዋለው በሐምሌ ወር 1983 እ.ኤ.አ. ነበር። ያው መሣሪያ ቅርጹ ተለውጦ፣ ኔንቴንዶ ኢንተርቴይንመንት ሲስተም ተብሎ በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቀረበ። ሁለቱ ተደምረው በዓለም ዙሪያ ወደ 62 ሚሊዮን የሚጠጉ ተሽጠዋል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚመለከተው ካሴቱን ከፊት ለፊት በክዳን ውስጥ የሚቀበለውን፣ ግራጫውንና ሳጥን መሰሉን የአሜሪካ ሞዴል ነው።

የመሣሪያው የኃይል ክፍል ዛሬ ካሉት ስልኮችና ኮምፒውተሮች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ክፍል በዓይን ይታያል፤ ለእያንዳንዱም መለዋወጫ ይገኛል፤ በአንድ ተራ መልቲሜትርም ሊመረመር ይችላል። ለተማሪም ሆነ ለጀማሪ ባለሙያ ጥሩ መማሪያ የሚያደርገው ይኸው ግልጽነቱ ነው።

ኃይል የሚያልፍባቸው አምስት ጣቢያዎች

የመጀመሪያው ጣቢያ ከግድግዳው ሶኬት ላይ የሚሰካው ከባድ ጥቁር አዳፕተር ነው። በውስጡ በብረት ዙሪያ የተጠመጠሙ ሁለት የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች ያሉት ትራንስፎርመር አለ። ይህ ትራንስፎርመር 120 ቮልቱን ወደ 9 ቮልት ዝቅ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነጥብ አለ። ከዚህ አዳፕተር የሚወጣው እንደ አብዛኞቹ አዳፕተሮች ዲሲ የሚባለው ቀጥተኛ ኮረንቲ ሳይሆን ኤሲ የሚባለው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው። በላዩ ላይም 9 ቮልት ኤሲ፣ 1.3 አምፔር ተብሎ ተጽፏል።

ሁለተኛው ጣቢያ በመሣሪያው ውስጥ የሚገኘው የአራት ዳዮዶች ድልድይ ነው። ዳዮድ ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው። አራቱ ተቀናጅተው ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰውን ኮረንቲ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ እንዲፈስ ያደርጉታል። የ9 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ ጫፍ ላይ ሲደርስ 12.7 ቮልት ያህል ነው። በመንገዱ ላይ ያሉት ሁለት ዳዮዶች 1.4 ቮልት ገደማ ስለሚወስዱ ወደሚቀጥለው ጣቢያ የሚደርሰው በግምት 11.3 ቮልት ነው።

ሦስተኛው ጣቢያ ካፓሲተር ነው። ከድልድዩ የሚወጣው ኮረንቲ አቅጣጫው አንድ ቢሆንም በሰከንድ 120 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ካፓሲተሩ ይህን መዋዠቅ ያለዝባል። አሠራሩን ለመረዳት በአዲስ አበባ ቤቶች ጣሪያ ላይ የሚታየውን የውኃ ታንከር ማሰብ ይበቃል። የመስመሩ ውኃ በፈረቃ ቢመጣም ታንከሩ ሞልቶ እስካለ ድረስ ከቧንቧው የሚወርደው አይቋረጥም። የኔንቴንዶው ታንከር 2200 ማይክሮፋራድ የሚይዝና እስከ 25 ቮልት የሚችል ካፓሲተር ነው።

አራተኛው ጣቢያ 7805 የተባለው ባለ ሦስት እግር የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ነው። ተግባሩ ከፍ ብሎ የመጣውን ቮልቴጅ በትክክል ወደ 5 ቮልት ማውረድ ነው። ትርፉን ኃይል የሚያስወግደው ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። መሣሪያው ለምሳሌ ግማሽ አምፔር ቢስብና መግቢያው ላይ 11 ቮልት ቢኖር፣ በ6 ቮልቱ ልዩነት ምክንያት 3 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጠራል። መቆጣጠሪያው ከብረት ገበታ ጋር በብሎን የታሰረው ይህን ሙቀት እንዲያስወጣለት ነው። ስለዚህ ይህ አካባቢ ሞቅ ማለቱ በራሱ የብልሽት ምልክት አይደለም።

አምስተኛው ጣቢያ ዋናው ሰሌዳ ከነአንጎለ ኮምፒውተሩ፣ እንዲሁም በላዩ የሚሰካው የጨዋታ ካሴት ነው። ሁለቱም የሚኖሩት በ5 ቮልት ነው። የ7805 መቆጣጠሪያ ጤነኛ ውጤት ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። ከዚህ በታች ሲወርድ ጨዋታው ይደነቃቀፋል፤ ከዚህ በላይ በጣም ሲወጣ ደግሞ ምትክ የማይገኝላቸው ቺፖች ይቃጠላሉ።

ባሕር የተሻገረ አዳፕተር

የአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል። የኢትዮጵያው 220 ቮልትና 50 ጊዜ ነው። በአውሮፓና በእስራኤል 230 ቮልት፣ በኩዌትና በኳታር ደግሞ 240 ቮልት ነው። ዛሬ የሚሸጥ የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ስለሚቀበል ተጓዡ የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ መለወጥ ለምዷል። አሮጌው የኔንቴንዶ አዳፕተር ግን ይህ ችሎታ የለውም። የሶኬት ቅርጽ መቀየሪያም ቀዳዳውን እንጂ ቮልቱን አይለውጥም።

የአሜሪካው አዳፕተር 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ምን እንደሚፈጠር በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የሽቦዎቹ ጥምዝ ብዛት ስለማይለወጥ የ9 ቮልቱ ውጤት ወደ 16.5 ቮልት ለመውጣት ይሞክራል። ዋናው አደጋ ግን ያለው እዚያው ትራንስፎርመሩ ውስጥ ነው። በብረቱ ውስጥ የሚፈጠረው የማግኔት መጠን የሚወሰነው ቮልቱ በሰከንድ ለሚመላለስበት ብዛት ሲካፈል በሚገኘው ቁጥር ነው። በአሜሪካ 120 ለ60 ሲካፈል 2 ይሆናል፤ በኢትዮጵያ 220 ለ50 ሲካፈል 4.4 ይሆናል። ብረቱ ከተነደፈለት መጠን ከሁለት እጥፍ በላይ እንዲሸከም ይገደዳል ማለት ነው። ብረት ደግሞ ማግኔትን የሚሸከምበት ልክ አለው። ከጠገበ በኋላ የመጀመሪያው ጥቅል ኮረንቲውን የመግታት አቅሙን ያጣል፤ ኮረንቲው ይንራል፤ ሽቦው ይግላል፤ መሸፈኛው ይቀልጣል። ዕድለኛው በውስጡ ያለው የሙቀት ፊውዝ ተበጥሶ አዳፕተሩ ዝም የሚለው ነው። ፊውዝ የሌለው ወይም ፊውዙ ያልሠራው ይጨሳል።

በተቃራኒው መንገድ የሚመጣው ስሕተት ቀለል ያለ ነው። ለ230 ቮልት የተሠራ የአውሮፓ አዳፕተር በአሜሪካ ቢሰካ የሚሰጠው 4.7 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ከዳዮዶቹ በኋላ 5 ቮልት አካባቢ ይቀራል። የ7805 መቆጣጠሪያ ግን በትክክል ለመሥራት መግቢያው ላይ 7 ቮልት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ማጫወቻው አይነሣም ወይም ተደነቃቅፎ ይነሣል እንጂ አይቃጠልም። ባለቤቱ ይህን «ሞተ» ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ መሣሪያው ግን የራበው እንጂ የታመመ አይደለም።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ትክክለኛ፣ ከባድና ብረት ያለው የቮልቴጅ መቀነሻ ትራንስፎርመር መጠቀም ነው፤ 50 ዋት የሚችል ከበቂ በላይ ነው። መቀነሻው ቮልቱን እንጂ የምልልሱን ብዛት ስለማይለውጥ አዳፕተሩ ከወትሮው ትንሽ ይሞቃል። ለፀጉር ማድረቂያ ተብለው የሚሸጡት ቀላልና ትናንሽ መቀየሪያዎች ግን የኮረንቲውን ሞገድ ቆራርጠው ስለሚያስተላልፉ ለትራንስፎርመር አይስማሙም።

ሁለተኛው መፍትሔ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል፣ 9 ቮልት ዲሲና ቢያንስ 1.3 አምፔር የሚሰጥ፣ ጫፉ በልኩ የሚገባ ዘመናዊ አዳፕተር መግዛት ነው። የአራቱ ዳዮዶች ድልድይ ዲሲን በየትኛውም አቅጣጫ ቢመጣ ስለሚያስተካክል ግራጫው ኔንቴንዶ ይህን ያለ ችግር ይቀበላል። በየአገሩ ለሚዘዋወር ሰው ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የጃፓኑ ፋሚኮም ይህ የዳዮዶች ድልድይ የለውም። የሚፈልገው 10 ቮልት ዲሲ ሲሆን የመሰኪያው መካከለኛ ቀዳዳ አሉታዊ መሆን አለበት። የአሜሪካው ኔንቴንዶ የኤሲ አዳፕተር ቢሰካበት ካፓሲተሩና መቆጣጠሪያው ለጉዳት ይጋለጣሉ። መሰኪያው መግባቱ ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ በአዳፕተሩና በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን አነጻጽሮ ማንበብ ግዴታ ነው።

ከመጀመር በፊት

የተዘጋውን የግድግዳ አዳፕተር መክፈት አይገባም። በውስጡ ያለው ኮረንቲ ሰው ይገድላል፤ ጥገናውም የአዲስ አዳፕተርን ዋጋ አያክልም። የድሮ ወፍራም ቴሌቪዥንን መክፈትም እንዲሁ ክልክል ነው። የቀለም ቴሌቪዥን ቱቦ በ10 ሺህዎች የሚቆጠር ቮልት የሚሠራበት ሲሆን፣ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ክፍያውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ማጫወቻው ራሱ ግን በውስጡ ያለው ቮልቴጅ ዝቅተኛ ስለሆነ በጥንቃቄ ሊመረመር ይችላል። ብሎኖቹ የሚፈቱት፣ ዕቃ የሚነቀለውና ስታኞ የሚደረገው ምንጊዜም አዳፕተሩ ከተነቀለ በኋላ ነው።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ መልቲሜትር፣ ባለ መስቀል ካቻቪቴ፣ አይሶፕሮፒል አልኮልና የጆሮ ጥጥ። ዕቃ ወደ መለወጥ ከተደረሰ ብቻ የስታኞ ካውያ ይታከላል።

ፍለጋው

አንደኛ፦ ካሴቱን አውጥቶ ማብራት። ይህ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ግን ብዙ የሚናገር ምርመራ ነው። ጤነኛ የሆነ ግራጫ ኔንቴንዶ ያለ ካሴት ሲበራ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱ የተለመደ ባሕርዩ ነው። መብራቱ ካሴት ሳይኖር ብልጭ ድርግም ካለ፣ አዳፕተሩ፣ ዳዮዶቹ፣ መቆጣጠሪያውና ማብሪያው በመሠረቱ እየሠሩ ነው፤ ፍለጋውም ወደ ካሴቱና ወደ መቀበያው መዞር አለበት። ጨርሶ ካልበራ ቀጣዮቹ ደረጃዎች ይከተላሉ።

ሁለተኛ፦ ሶኬቱን ማረጋገጥ። ሌላ መብራት ወይም የስልክ ቻርጀር ሰክቶ ማየት ይበቃል። ቀላል መስሎ ቢታይም፣ የተበላሸ ማከፋፈያ ገመድ የስንቱን ባለሙያ ጊዜ እንደበላ የጥገና ሰዎች ያውቁታል።

ሦስተኛ፦ አዳፕተሩን መለካት። መልቲሜትሩ የሞገድ ምልክት ወዳለበት የኤሲ ቮልት ቦታ ይዞራል። አንዱ መርፌ በመሰኪያው ቀዳዳ ውስጥ፣ ሌላው በውጭ በኩል ባለው ብረት ላይ ይነካል። ምንም ሳይጫንበት ስለሚለካ ውጤቱ ከ9 ቮልት ጥቂት ከፍ ማለቱ ጤናማ ነው። እዚህ ላይ በብዛት የሚፈጸመው ስሕተት መልቲሜትሩን በዲሲ ቦታ ላይ ትቶ መለካት ነው። ከዲሲ ቦታ የሚነበበው ቁጥር ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የቀረበ ይሆናል፤ ፍጹም ጤነኛ የሆነው አዳፕተርም «ሞቷል» ተብሎ ይጣላል። በትክክለኛው ቦታ ተለክቶም ዜሮ ከሆነ ገመዱን ከመሰኪያው አጠገብና ከአዳፕተሩ መውጫ ላይ ቀስ ብሎ ማጠፍ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ብቅ ጥልቅ ካለ የተበጠሰ ሽቦ አለ ማለት ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ አዳፕተሩ ይተካል።

አራተኛ፦ የመሰኪያውን መቀበያ መፈተሽ። ገመዱ ሲነካካ መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው የመቀበያው እግሮች ከሰሌዳው ጋር የተያያዙበት ስታኞ መሰንጠቁ ነው። ለዓመታት ሲሰካና ሲነቀል የኖረ ብረት መላላቱ አያስገርምም። አዳፕተሩ ተነቅሎ፣ በመሣሪያው ሆድ በኩል ያሉት 6 ብሎኖች ተፈትተው ስታኞው በአጉሊ መነጽር ይታያል። በእግሩ ዙሪያ ቀጭን የቀለበት ስንጥቅ ካለ ያረጀውን ስታኞ አቅልጦ በአዲስ መተካት ይበቃል።

አምስተኛ፦ ከዳዮዶቹ በኋላ ያለውን መለካት። መልቲሜትሩ አሁን ወደ ዲሲ ይመለሳል። ጥቁሩ መርፌ ከምድር መስመር ጋር በተያያዘው የ7805 የብረት ጀርባ ላይ፣ ቀዩ በመግቢያ እግሩ ላይ ይነካል። መርፌው ተንሸራቶ ሁለት እግሮችን እንዳያገናኝ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ9 እስከ 13 ቮልት አካባቢ ከተነበበ እስከዚህ ድረስ ያለው መንገድ ደኅና ነው። አዳፕተሩ ጤነኛ ሆኖ እዚህ ምንም ከሌለ ማብሪያው፣ ገመዶቹና ዳዮዶቹ በየተራ ይፈተሻሉ። የማብሪያው መነካኪያ በእርጅና ዝጎ ሊሆን ስለሚችል ከማብራት በፊትና በኋላ ኮረንቲ ማሳለፉ በመልቲሜትሩ የድምፅ መፈተሻ ይረጋገጣል።

ስድስተኛ፦ 5 ቮልቱን መለካት። ቀዩ መርፌ ወደ መውጫ እግሩ ይዛወራል። መግቢያው ደኅና ሆኖ መውጫው ላይ ዜሮ ወይም በጣም ዝቅተኛ ቁጥር ከታየ ሁለት ዕድሎች አሉ፤ ወይ መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል፣ ወይ ከፊቱ ያለ አንድ ነገር ኃይሉን ሁሉ እየዋጠው ነው። 7805 ከልክ ያለፈ ኮረንቲ ሲጠየቅ ወይም ሲግል ራሱን የሚገድብበት መከላከያ አለው። ስለዚህ ዝቅ ያለ ውጤት የመቆጣጠሪያው ጥፋት ነው ብሎ ወዲያው መደምደም አይገባም። ካሴት ገብቶ ከሆነ ይወጣል። ካሴቱ ሲወጣ ቮልቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው ካሴቱ ነው። ካልተመለሰ አዳፕተሩ ተነቅሎ በመውጫውና በምድር መስመሩ መካከል ያለው ተቃውሞ ይለካል። ወደ ዜሮ ኦም የተጠጋ ንባብ በሰሌዳው ላይ መስመሮች መገናኘታቸውን ያሳያል። እንዲህ ባለ ጊዜ መቆጣጠሪያውን መለወጥ አዲሱንም ለዚያው ጭነት አሳልፎ መስጠት ነው።

ያረጀው ታንከር

መብራቱ በርቶ፣ ጨዋታው ተጀምሮ፣ ነገር ግን በምስሉ ላይ ቀስ እያሉ የሚጓዙ አግድም ጥላዎች ሲታዩ፣ በድምፁ ውስጥ የማያቋርጥ እምምታ ሲሰማ ወይም ጨዋታው ከሞቀ በኋላ ራሱን እያጠፋ ሲነሣ ጥርጣሬው ወደ ካፓሲተሩ ይዞራል። የዚህ ዓይነቱ ካፓሲተር በውስጡ ፈሳሽ አለው፤ ፈሳሹ በዓመታትና በሙቀት ብዛት ይደርቃል። ከፍተኛ ሙቀት ከሚሰጠው መቆጣጠሪያ ጋር መጎራበቱም ዕድሜውን አያስረዝምለትም።

የጉዳቱን መጠን ስሌት ያሳያል። ግማሽ አምፔር ሲሳብ፣ ጤነኛ የሆነ የ2200 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በሁለት ጫፎች መካከል ቢበዛ ወደ 1.9 ቮልት ብቻ ዝቅ ይላል። ከ11.3 ቮልት ሲቀነስ 9.4 ቮልት ይቀራል፤ ይህም መቆጣጠሪያው ከሚፈልገው 7 ቮልት በላይ ነው። ካፓሲተሩ ደርቆ አቅሙ ወደ ሲሶው ቢወርድ ግን መውረጃው ሦስት እጥፍ ሆኖ 5.7 ቮልት ይደርሳል፤ የሚቀረው 5.6 ቮልት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ 5 ቮልቱ በሰከንድ 120 ጊዜ ይጎድላል። ተራ መልቲሜትር አማካዩን ብቻ ስለሚያሳይ ይህን ጉድለት በዲሲ ቦታ ላይ ላያሳይ ይችላል። በኤሲ ቦታ ላይ አድርጎ በ5 ቮልቱ መስመር ላይ መለካት ግን ፍንጭ ይሰጣል፤ ጤነኛ መስመር ከዜሮ እምብዛም አይርቅም።

ካፓሲተሩ ሲለወጥ አዲሱ ተመሳሳይ 2200 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ፣ ከተቻለም እስከ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚችል መሆን አለበት። በጎኑ ላይ ያለው መስመር አሉታዊውን እግር ያመለክታል። ተገልብጦ ከተገጠመ ይግላል፤ ሊፈነዳም ይችላል።

ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት

አሁን ወደ ሁለተኛው ሕመም መመለስ ይቻላል። ኔንቴንዶ ያለ ፈቃዱ የተሠሩ ጨዋታዎች በአሜሪካው መሣሪያ ላይ እንዳይሠሩ አንድ የመቆለፊያ ቺፕ በማጫወቻው ውስጥ፣ አቻውን ደግሞ በእያንዳንዱ ካሴት ውስጥ አስቀመጠ። ሁለቱ ቺፖች ያለማቋረጥ ምስጢራዊ ምልክት ይለዋወጣሉ። ምልክቱ ካልተገጣጠመ የማጫወቻው ቺፕ መሣሪያውን በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ እንደገና እንዲጀምር ያስገድደዋል፤ ቀዩ መብራትም አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል።

ጨዋታው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ምልክቱ የሚጠፋው በአብዛኛው መነካኪያዎቹ ስለቆሸሹ ወይም ስለላሉ ነው። ካሴቱ የሚገባበት መቀበያ 72 የብረት ጣቶች አሉት። ካሴቱ ከገባ በኋላ ወደ ታች እንዲጫን መደረጉ ከጊዜ ብዛት ጣቶቹን ያጎብጣቸዋል። ከ72ቱ ጥቂቶቹ ካልነኩ ቺፖቹ አይግባቡም።

በ1980ዎቹ የነበሩ ልጆች ካሴቱን አውጥተው በአፋቸው እፍ በማለት ያድኑት ነበር። ያድን የነበረው ግን እፍታው ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የሚታሰበው ካሴቱ ወጥቶ እንደገና መግባቱ ነው፤ ብረቶቹ ተፋትገው አዲስ መነካኪያ ያገኛሉና። የትንፋሹ እርጥበት ግን ብረቱን ያዝጋል። ትክክለኛው ዘዴ የካሴቱን ጠርዝ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ጥጥ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ መጥረግ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያም ሌላ ካሴት ጭምር መሞከር ነው። ሁሉም ካሴቶች ካልሠሩ የ72 ጣቶቹ መቀበያ ይጸዳል ወይም ይተካል። የጃፓኑ ፋሚኮም ይህ ቺፕ አልነበረውም፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ከወጣው አዲስ ቅርጽ ካለው የአሜሪካ ሞዴልም ተወግዷል። ስለዚህ በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ይህ ብልጭታ አይታይም።

ከመንቀል በፊት መለካት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አሮጌው ኔንቴንዶ በሽታውን አይደብቅም፤ የማይበራ መብራቱ፣ ብልጭታው፣ እምምታውና በምስሉ ላይ የሚጓዘው ጥላ እያንዳንዳቸው የተለየ ጣቢያን ያመለክታሉ። ከባለቤቱ የሚጠበቀው ከሶኬቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል መለካትና አንዱን ጣቢያ ሳያረጋግጥ ወደሚቀጥለው አለመሻገር ነው።

ይኸው ሥርዓት ለአሮጌ ሬዲዮ፣ ለኪቦርድና ለማንኛውም ትራንስፎርመር ላለው የቤት ዕቃ ይሠራል። በመጪው በዓል ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ሻንጣ የሚያዘጋጅ ሰውም ከሁሉ በፊት ሊያደርገው የሚገባ አንድ ነገር አለ። አዳፕተሩን ገልብጦ በጀርባው ላይ የተጻፈውን የመግቢያ ቮልት ያንብብ። «ከ100 እስከ 240» የሚል ከሆነ ያለ ሥጋት ይጓዛል። «120» ብቻ የሚል ከሆነ ማጫወቻው ይላክ፤ አዳፕተሩ ግን እዚያው ይቅር።